እትዬ ጥሩዬ የቀበሩት የኮሌጅ ንብረት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ለክረምት ትምህርት ጎንደር ጤና ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ግን የሰው አጥንት ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ባየሁ ቁጥር ንዴቴ እንደ አዲስ ይነሳብኛል።

ያኔ ቆላ ድባ ጤና ረዳት ነበርኩ። ለምኜ፣ አስለምኜ ነው ለክረምቱ የአናቶሚና የፊዚዮሎጂ ትምህርት የተመረጥኩት። ፈተናውን ያለፈ ነርስነት ይማራል፤ የወደቀ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሁለተኛ ዕድል እንደሌለ ገና ስንመዘገብ ተነግሮናል።

ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ከግቢያቸው የማይወጡ ሴት ናቸው። ገና መርፌ ከመውጋት ያላለፍኩትን እኔን "ሐኪሚት" እያሉ ይጠሩኝ ነበር። እኔም ስሙን ወድጄው ዝም እላለሁ።

ኮሌጁ ያለው የመማሪያ የሰው አጥንት ለሁላችን ስለማይበቃ በተራ ቤታችን እየወሰድን ነበር የምናጠናው። የእኔ ተራ የደረሰው ፈተናው ሲቃረብ ነው። የእንጨት ሳጥኑን ከፍቼ ባይ ጉድ ነው። ሁለት የጭን አጥንት አለ፤ ሁለቱም የግራ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። መቼም ሁለት ግራ እግር ይዞ የሚፈጠር ሰው የለም። ለክረምቱ ትምህርት አስተባባሪ ሄጄ ነገርኩት።

"በተሰጠሽ ተማሪበት" አለኝ።

"የማን ነበሩ ግን?"

"የማንም አይደሉም። የኮሌጁ ንብረት ናቸው።"

በዚያ ዘመን ጥያቄ ማብዛት ለጤና አይበጅም። ሳጥኑን ተሸክሜ ሄድኩና አልጋዬ ሥር አስገባሁት።

የፍልሰታ ጾም ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ዝናብ ደብድቦኝ ስመለስ የክፍሌ በር ተከፍቷል። አልጋዬ ከቦታው ተነስቷል፤ በፊት በነበረበት በኩል ጣራው ያፈሳል፣ ከሥሩ ባልዲ ተደቅኗል። እትዬ ጥሩዬ ዕቃዬ እንዳይበሰብስብኝ አንስተውልኛል ማለት ነው። እግዜር ይስጣቸው ብዬ ሳልጨርስ ሳጥኑን አየሁት። ባዶ ነው።

እትዬ ጥሩዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል።

"እትዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የታለ?" አልኳቸው።

"ቀበርኩት።"

በቁሜ ደረቅሁ።

"ምነው ትደነግጫለሽ? የሰው ልጅ አጥንት አልጋ ሥር ያድራል? ያውም በፍልሰታ? በአቡጀዲ ከፈንኩት፤ ነፍስ አባቴም ፍትሐት አደረሱለት። ሸጋ ቦታ አግኝቷል" አሉኝ።

ንዴት አናገረኝ። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኳቸው። ያልሰጠኋቸውን ሳጥን ምን አስከፈታቸው? ያ አጥንት ከሌለ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ዕድሜዬን ሙሉ ቁስል ጠራጊ ሆኜ መቅረቴ ነው።

በማግሥቱ ለአስተባባሪው አጥንቶቹ በስህተት ተቀብረዋል ብዬ ነገርኩት። ከወንበሩ ተነሳ።

"የመንግሥት ንብረት ተቀበረ? ይሄ አሻጥር ነው። ማን ነው የቀበረው? የት?"

አሻጥር በዚያን ጊዜ ቀላል ቃል አልነበረም። በእትዬ ጥሩዬ እያረርኩም ቢሆን ስማቸውን መጥራት አስፈራኝ። "ራሴ ቆፍሬ አመጣለሁ" አልኩት። እስከ ነገ ካላመጣሁ ፈተና እንደማልቀመጥ፣ ቀበሌም እንደሚጠራብኝ ነግሮ አሰናበተኝ።

ቤት ገብቼ ቦታውን ያሳዩኝ አልኳቸው። መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ።

"ነፍስ አባቴ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። ኃይለ ሚካኤል አልኳቸው።"

"ኃይለ ሚካኤል ማነው?"

"ልጄ ነዋ።"

ልጃቸው ተማሪ ነበር። በቀይ ሽብሩ ከዚያው ግቢ ወስደው ገድለውታል። "ሬሳውን ስጡኝ ብል ከለከሉኝ። እንዳታለቅሺም አሉኝ። ያኔ ያላለቀስኩትን ነው ትናንት ያለቀስኩት" አሉኝ። ቀጥለውም ጠየቁኝ፤ "አንቺ ሐኪም ነሽ። አጥንቱንም አይተሽዋል። ረጅም ነበር?"

ረጅሙም አጭሩም አጥንት ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

"ረጅም ነበር" አልኳቸው።

"የኔም ልጅ ረጅም ነበር" አሉ።

በነጋታው ባዶ እጄን ሄጄ "አላመጣም" አልኩት ለአስተባባሪው። ቀበሌ እጠራለሁ ሲለኝ፣ "ይጠራ። ሁለት ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ከየት እንደመጣም እዚያው ይጠየቅ" አልኩት። ይህን ያናገረኝ ድፍረት አይደለም፤ ንዴት ነው። በሩን ዘጋው። ቀበሌ አልጠራም። ስሜን ብቻ ሰረዘው።

ክረምቱ ሳያልቅ ቆላ ድባ ተመለስኩ። ጡረታ እስክወጣም እዚያው ጤና ረዳት እንደሆንኩ ቀረሁ። "ለአጥንት ብለሽ ዕድልሽን ሸጥሽ" የሚሉኝ አሉ። እነሱም ያናድዱኛል።

እትዬ ጥሩዬ እስኪሞቱ ድረስ በየወሩ ለሚካኤል እዚያች መቃብር ላይ ሄደው ያለቅሱ ነበር። ያረፉትም ልጄን አገኘሁት እንዳሉ ነው። አብሮት ሌላ ሰው እንዳለ አልነገርኳቸውም። ነገር ግን አለ፤ አጭሩ። "የማንም አይደሉም" ተብዬ የተሰጠኝ። የእሱም እናት ትኖር ይሆናል፤ የት ሄዳ እንደምታለቅስ ግን የነገራት የለም።