የሄሊኮፕተሩ ኩሽኔታና የእኔ ሰርግ

ባሌን ከማየቴ በፊት የሄሊኮፕተር መለዋወጫ አይቻለሁ። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ እውነት ነው።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ በወርኃ ጥር፣ ቡሬ አጠገብ ባለው መንደራችን ድግሴ ተደግሶ፣ ዳሱ ተጥሎ ነበር። ሙሽራው የፍኖተ ሰላም ሰው ነው ከመባሉ በቀር መልኩን የነገረኝ የለም። "ጨዋ ልጅ ነው" ይሉኛል። ጨዋ ማለት ኮስታራ ይሁን፣ ዱዳ ይሁን፣ በምን ልወቅ? ባሰብሁት ቁጥር እፈራ ነበር።

ሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ትልቅ የጦር ሄሊኮፕተር እየተንገጫገጨ መጥቶ ከግጦሹ ሜዳ ላይ አረፈ። ንፋሱ ዳሳችንን ከነቅጠሉ ነቅሎ ማሳው ውስጥ በተነው። ሰው አልተጎዳም። ወሬው ግን ፈጥኖ ፍኖተ ሰላም ገባ፤ የሙሽራው አክስትም "ዳሷን ንፋስ የወሰደባት ገደ ቢስ ናት፣ ሰርጉ ይቅር" ብለው ላኩብን።

"እህሉ ተፈጭቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ እንዴት ተደርጎ ይቀራል? ንፋሱን እንደሆን እኔ አልጠራሁት!" ብሎ አባቴ መልእክተኛውን መለሰው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። የማላውቀውን ሰው ስፈራ ከርሜ፣ አሁን ደግሞ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።

ከሄሊኮፕተሩ የወረደው መካኒክ ተጫዋች ሰው ነበር። ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ የጭነት መሸፈኛውን ሸራ ለዳሱ ሰጠን። እናቴም የፈታታው ብረት ሳር ውስጥ እንዳይጠፋበት ሰፌዷን አዋሰችው። ብሎኑን፣ ጥርስ ያለውን ብረት፣ የተሰበረውን ኩሽኔታ ሁሉ ሰፌዱ ላይ ደርድሮ ደጃችን ሲመጣ ከጓዳው በር ሆኜ አየሁ።

"አባባ፣ የመጀመሪያዎቹ ሄሊኮፕተሮች አንድ ሰው እንኳ በመከራ ነበር የሚያነሡት" አለው መካኒኩ አባቴን። "ሞተሩን አጎለበቱት፣ ከላይ የሚሽከረከረውን ክንፍ አረዘሙት፤ ዛሬ ካሚዮን አንጠልጥሎ ይሄዳል።"

"ካሚዮን የሚያነሣው ለዚች ቀለበት ነው የተኛ?" አለ አባቴ፣ ኩሽኔታውን በጣቱ እያገላበጠ። "እንዲያው ከቡሬ ገበያ አይገኝም?"

"ከደብረ ዘይት በሌላ ሄሊኮፕተር ይመጣል።"

መቼ እንደሚመጣ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የሰርጉ ዕለት ሙሽራው ከነአጃቢው መጣ። አክስትየዋ እንኳ ፊታቸውን ቋጥረው አብረው መጡ። ነጠላ አከናንበው፣ ፊቴን ሸፍነው፣ ቃል ኪዳን ልንገባ አጠገቡ አስቀመጡኝ። የሚታየኝ የጫማው ጫፍ ብቻ ነው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማዩ አንጎደጎደ። መካኒኩ የያዘውን ጠላ ጥሎ፣ "ኩሽኔታው መጣ! ቋሚውን ያዙ!" ብሎ ጮኸ።

ሰርገኛው ግር ብሎ ተነሣ። ሽማግሌው፣ ሚዜው፣ አሳላፊው፣ ሁሉም ያገኘው ቋሚ ላይ ተጠመጠመ። አክስትየዋ የመሐሉን አቅፈው "ጊዮርጊስ! የልጄን ዳስ! የልጄን ዳስ!" ይላሉ። እኔም በዳበሳ ያገኘሁትን ያዝሁ። ሸራው ተነፋ፣ ተርገበገበ፣ ግን አልሄደም። የሄደችው የእኔ ነጠላ ናት።

ቀና ስል፣ የያዝሁትን ቋሚ ከወዲያ በኩል ያቀፈ ወጣት አየሁ። ጸጉሩ ገለባ ሞልቶ፣ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ኮስታራም ዱዳም አልነበረም። ደስ አለኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

"አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልሁት።

ንፋሱ ካለፈ በኋላም ሁለታችንም ቋሚውን አልለቀቅንም።