ዶሮ ይዤ ደጅ የቆምኩበት ሆቴል

ሆቴል ይባል እንጂ ቁልፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። ዶሎ ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ አሸዋው ላይ የተሠሩ ስድስት የጭቃ ክፍሎች ናቸው፤ በበር ፋንታ መጋረጃ፣ በቆርቆሮ ፋንታ የዘንባባ ዝንጣፊ። አልጋዎቹ ቀን ቀን ዛፍ ሥር ይወጣሉ፤ እንግዶቹም አብረው ይወጣሉ። አብዛኞቹ ሽርጣቸውን አገልድመው የሚጋደሙ የከብት ነጋዴዎች ነበሩ። ከማዶ፣ ከሶማሊያ፣ ወሬ ይጠብቃሉ፤ ወሬው ዛሬ ካልመጣ ነገ ይመጣል፣ ነገም ካልመጣ ሻይ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ቦታ አርፌ አላውቅም፤ እንደዚያም ተጨንቄ አላውቅም። ሰው ሁሉ ተጋድሞ ሲስቅ ሳይ ብድግ ብዬ አልጋቸውን መገልበጥ ያምረኝ ነበር።

የሄድኩት እናቴን ይዤ ነው። ያኔ ነገሌ፣ አውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ ታይፒስት ነበርኩ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ ነገሌ ላይ የቀረ ሰው ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ ብቻ ነን። የእናቴን ጉልበት ቁርጥማት ይዞት ስምንት ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ፀሐይ እንድትሞቅ ደጅ የማወጣት ተሸክሜ ነው። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በገዛ እግሯ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን መሳም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የነርስ ትምህርት ቤት ተፈትኜ አልፌ ለመስከረም ተጠርቻለሁ፤ እሷ ካልቆመች መሄድ የለም። ስለዚህ ዶሎ የወሰድኳት ለእሷ ብቻ ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ እስካሁን የዋሸሁት ይበቃኛል።

ስለ አሸዋው የነገሩኝ የሆቴሉ ባለቤት ራሳቸው ናቸው፤ ነገሌ ዘመድ ሊጠይቁ መጥተው ጎረቤት ተገናኘን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ግማሽ ዘመዳቸው ቦረና፣ ግማሹ ሶማሌ። ትልቅ ትንሹ «አዴ»፣ እናቴ እንደማለት፣ ይላቸዋል። «የዶሎ አሸዋ በጥር ዳቦ ያበስላል። እናትሽን አምጪያት፤ ጉልበቷን እንቀብረዋለን፣ በሦስት ሳምንት ትነሳለች» አሉኝ። የጥምቀት ማግስት ፈቃድ ወስጄ፣ በጭነት መኪና ፊልቱ አድረን ዶሎ ገባን።

ረፋድ ላይ አሸዋውን በእጄ እቆፍራለሁ። እናቴን አስቀምጬ እስከ ጭኗ እሸፍናታለሁ፤ ጃንጥላ እይዝላታለሁ። ላቧ ከግንባሯ እየተንጠባጠበ «ውይ፣ ደስ ሲል!» ትላለች። አዴ በየቀኑ ጠዋት «አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ጉልበቷን በአውራ ጣታቸው ይጫኑና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እብጠቱ በአራተኛው ቀን ጎደለ። «አሸዋው ሥራውን ይዟል» አሉኝ ለብቻዬ። «ግን አሸዋ ላብ ይወስዳል። የወሰደውን የሚመልሰው ሾርባ ነው። ያለ ሾርባ አሸዋ ሰው ይጨርሳል።»

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። እናቴ እስላም ያረደውን አትበላም። እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም ነበር። ከቤት የያዝነው ቋንጣ አለቀ። የግመል ወተት አይታሰብም። የቀራት ሻይና ዳቦ ነው። በስድስተኛው ቀን አሸዋው ውስጥ እንደተቀመጠች ዓይኗ ተገለበጠ። ቆፍረን ስናወጣት አንገቷ ክንዴ ላይ ወደቀ። አዴ ውሃ አፈሰሱባትና ወደ ጓሮ ሄደው አንዲት ቀይ ዶሮ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩ። «አሳርጂ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኛ ዘንድ ሴት አታርድም። ወንድ በሌለበት ቤት ሴትየዋ ዶሮዋንና ቢላዋዋን ይዛ ደጅ ትቆምና ለሚያልፈው ወንድ «እባክህ ባርክልኝ» ትለዋለች። እሱም አርዶላት መንገዱን ይቀጥላል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ስንት ጊዜ እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ! ነገሌ ላይ ችግር የለም፤ ክርስቲያን ወንድ ሞልቷል። ዶሎ ላይ ግን የነበሩት ክርስቲያኖች ፖሊሶቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም እኛ በገባን ማግስት ለጥበቃ ወደ ድንበር ወጥተዋል። ቢሆንም ዶሮዋን ታቅፌ፣ ቢላዋዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ደጅ ቆምኩ።

ከረፋድ እስከ ቀትር ቆምኩ። የሚያልፈው ሁሉ ሙስሊም ነው። አልጋቸው ላይ የተጋደሙት ነጋዴዎች ወሬ አገኙ። አንዱ «ለዶሮሽ ባል እየፈለግሽላት ነው?» አለና ሁሉም ሳቁ። ሌላው «ክርስቲያን ዛሬ ሂንጂሩ፣ የለም! ነገ ነይ» አለኝ። እኔም «አንተ ለመነሳት ነገን ጠብቅ፤ እናቴ ነገ የላትም» አልኩት። ሳቃቸው ቆመ። አንድ ሽበታም ሰው ከአልጋቸው ተነስተው መጡና «ልጄ፣ እኔ ልረድልሽ?» አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ። «ገባኝ፣ ገባኝ» ብለው ትከሻዬን ነካ አድርገው ተመለሱ። ከሳቁብኝ ይልቅ እሳቸው አሳፈሩኝ።

ቀትር ሲያልፍ ገብቼ እናቴን አየኋት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ወጥቼ በጓሮ ዞርኩና ከዘንባባዎቹ ሥር ተንበረከኩ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩና አረድኳት። አንድ ጊዜ አልበቃኝም። ቀና ስል አዴ ቆመዋል።

«ራስሽ?»

«ራሴ።»

ደሙን አዩት። «የኔ ድስት ውስጥ አይገባም፤ ይኸን ታውቂያለሽ። አዲስ ሸክላ እሰጥሻለሁ፣ እዚሁ ቀቅይ።» ሊሄዱ ብለው ዞሩ። «ግን ለእናትሽ ንገሪያት። ያቺ ሴት ሞኝ አይደለችም፣ ታመመች እንጂ።»

አልነገርኳትም። ሾርባውን ይዤ ስገባ «ማን ባረከልሽ?» አለችኝ። «አንድ ሾፌር፣ ወደ ነገሌ የሚያልፍ» አልኳት። ጠጣችው። ሁለተኛ ጠየቀች፣ ጠጣች። ከዚያ አፏን ጠርጋ «የክርስትና ስሙን ጠየቅሽው?» አለችኝ፤ ልትጸልይለት። ይኸን አላሰብኩበትም ነበር። አንድ ስም አመጣሁ።

ከሾርባው በኋላ አሸዋው እንደገና ሥራውን ያዘ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ዶሮ አረድኩ። ከሾፌሩ ቀጥሎ አንድ ወታደር ፈጠርኩ፣ ቀጥሎ መንገድ የሚለካ መሐንዲስ፣ ቀጥሎ ቆዳ ነጋዴ፤ አምስተኛውን ደክሞኝ እንደገና ሾፌር አደረግኩት። ለሁሉም የክርስትና ስም አወጣሁላቸው። እናቴ ጠዋት ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ ጣቷን እየቆጠረች፣ ስማቸውን ትጠራለች። «አየሽ ተአምሩን? አንድ ክርስቲያን በሌለበት አገር ለኔ ለአንዲት ባልቴት ወንድ ይልክልኛል» ትለኛለች። ደስታዋ ፊቷን ልጅ አደረገው። እኔ ጃንጥላውን ይዤ ከኋላዋ እቆምና ፊቴን እደብቃለሁ። ልነግራት አንድ ሁለቴ አፌን ከፍቻለሁ። ከዚያ ጉልበቷን አይና አፌን እዘጋለሁ። ክፉ ልጅ ነበርኩ ማለት ይከብደኛል፤ ፈሪ ግን ነበርኩ።

በሃያኛው ቀን ቆመች። በሃያ አንደኛው በዱላ ዛፉ ድረስ ሄደች። ነጋዴዎቹ አልጋቸው ላይ ተነስተው አጨበጨቡ፤ ሽበታሙ ሰውዬ አለቀሱ።

የሚመልሰን መኪና የመጣው በማግስቱ ነው። ሾፌሩ ምሳ ሲቀርብለት ሲያማትብ እናቴ አየችው። በዱላዋ ተነስታ፣ ማንም ሳይደግፋት፣ እሱ ዘንድ ሄደች። እንደዚያ ቀጥ ብላ ስትራመድ አይቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

«ልጄ፣ በዚህ መንገድ የምትመላለሱ የኛ ልጆች ብዙ ናችሁ አይደል?» አለችና የሁለቱን ሾፌሮች ስም ጠራችለት። «ዶሮ ባርከውልኝ ነበር። ሰላም በልልኝ።»

ሰውየው እንጀራውን እንደያዘ «እማማ፣ ተሳስተው ይሆናል» አላት። «በዚህ መስመር ክርስቲያን ሾፌር እኔ ብቻ ነኝ። እኔም መኪናዬ ተሰብሮብኝ ወሩን ሙሉ ነገሌ ነበርኩ።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ «እሺ ልጄ፣ ብላ» ብላው ወደ ክፍላችን ገባች።

ስንሰናበት አዴ ሸክላውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

እናቴ እስከ ፊልቱ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች ሄደች። ፊልቱ መኪናው ውሃ ሲጨመርለት ግንብ ጥግ ተቀምጠን ጠየቀችኝ።

«ማን አረደ?»

«እኔ።»

«አምስቱንም?»

«አምስቱንም።»

«ሰዎቹስ? ስማቸውስ?»

«የሉም እማዬ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ዶሮውን ብትነግሪኝ እበላው ነበር» አለች ከነጠላዋ ውስጥ። «እርቦኝ ነበር እኮ። ያንቺን እጅ ማን ይጠየፋል? እኔን ያመመኝ በየማለዳው በእግዚአብሔር ፊት የሌለ ሰው መጥራቴ ነው።»

በመጀመሪያው እሑድ በገዛ እግሯ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ጎረቤት ሁሉ እልል አለ፤ ደጁን ስትስም ምሰሶውን ይዤ አለቀስኩ። የዚያኑ ዕለት ለንስሐ አባታችን ሁሉን ተናዘዝኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ዶሮው ሲሰሙ ፈገግ አሉ። «እሱ ልማድ ነው፣ እናትሽን ለማዳን ነው። ውሸቱ ግን አይቀርም። ሰባት ቀን አርባ አርባ ስገጂ» አሉኝ። ቀላል ነው። እግሬ ጤነኛ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ቤታችን ውስጥ መስገድ ስጀምር አጠገቤ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዱላዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ እየተንበረከከች ነው።

«እማዬ፣ የኔ ነው! ላንቺ አልተሰጠም!»

«ያዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ፈርተሽኝ ነው የዋሸሽው። የምታስፈራ እናት ሆኜ ሳለ ብቻሽን አትሰግጂም።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አባን ጠርቼ አስከለከልኳት። እሳቸው ሲወጡ ቀጠለች። ጉልበቷ መሬት ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ተንኮለኛ ሆኜ በሦስተኛው ቀን ሳትነቃ ቀድሜ ልጨርስ ብዬ ተነሳሁ፤ እሷ ቀድማኝ ተንበርክካ አገኘኋት። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ተመለሰ። በሰባተኛው፣ ሠላሳ ሰባት ላይ፣ እኔ ተነሳሁ፤ እሷ አልተነሳችም። ልደግፋት ስል እጄን ገፋችው። «ሦስት ይቀረናል» አለች። ሦስቱን እንደተንበረከከች በግንባሯ ብቻ ሰገደች። ከዚያ ተሸክሜ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት።

ወደ ዶሎ ልመልሳት ብዬ ብዙ ለመንኳት፤ እሺ አላለችም። አሸዋው የሰጣትን እኔው ነኝ ያስወሰድኩባት፤ ይኸን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ለነርስ ትምህርት ቤቱ የመቅረቴን ደብዳቤ ራሴ ታይፕ አድርጌ ላክሁ።

መስከረም ጠባ። እንደ ድሮው ጠዋት ተሸክሜ ደጅ አወጣኋትና ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። ልገባ ስል ጸሎት ጀመረች። ጣቷን እየቆጠረች አምስቱን ስሞች፣ እኔ የፈጠርኳቸውን፣ አንድም ሳታስቀር ጠራች። ከዚያ ሁለተኛ እጇን አነሳችና አውራ ጣቷን ይዛ ስድስተኛ አድርጋ፣ ዶሮ ከባረኩላት ሰዎች ጋር የኔን ስም ጨመረች።