የሄር ቤንደር ልሙጥ ካዝና

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ሰው የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል፤ ይልማ ደግሞ የክላሽ ካዝና ይሰበስብ ነበር። ጠመንጃውን አይደለም፣ ጥይቱንም አይደለም፤ ጥይት የሚጎርሰውን፣ ከክላሹ ሆድ ሥር የሚሰካውን ቆልማማ ባዶ ብረት። ምን ሊሠራለት ትሉ ይሆናል። እሱም ቢጠየቅ አጥጋቢ መልስ አልነበረውም፤ ደግነቱ የሚጠይቀው ሰውም አልነበረም።

የሚኖረው ጀርመን አገር፣ ጻይልስሃይም የሚባል ሰፈር ነው፤ አንድ ክፍልና ኩሽና። ሥራው ኤርፖርት ሻንጣ መጫን ነው። የስንቱ ሻንጣ በእጁ ያልፋል፣ አንድም ባለሻንጣ ግን ፊቱን አይቶት አያውቅም። ሳያገባ ሃምሳውን ዘለለ። ከፍሩህሺሽት፣ ከማለዳው ፈረቃ፣ ሲመለስ በሩ ላይ ጫማውን ያወልቅና «መጣሁ» ይላል፤ ለማን እንደሚል እግዜር ይወቀው።

የካዝናው ነገር የተጀመረው ገና በልጅነቱ፣ ሰሜን ጦር ግንባር ሳለ ነው። የብርጌዱ ጠመንጃ ቤት ረዳት ነበር፤ አብሮት ዘገዬ የሚባል የወሎ ልጅ ነበረ። ካዝናው በሣጥን ሲመጣ ያንዱ አገር ካንዱ ተደባልቆ ነው። የራሺያው፣ የቻይናው፣ የፖላንዱ፣ ሁሉም ያው ክላሽ ላይ ይገባል። ሁለቱ ጓደኛሞች በዘይት ጨርቅ ሲወለውሉ እየዋሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣት ብቻ እየዳበሱ «የማን አገር ነው?» ይባባሉ ነበር። ጀርባው ላይ አከርካሪ ከሌለው የቻይና ነው። ጥይቱ ሲያልቅ ክላሹን አፉን አስከፍቶ የሚያስቀረው የዩጎዝላቪያ ነው፤ እሱ በውስጡ ባለችው ምላስ ይለያል። ዘገዬ ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ሲያሸንፍ ደግሞ አፉ አያርፍም። «አንተ እኮ እናትህንም በጨለማ አትለያት!» ይለዋል። ጦሩ ሲበተን ዘገዬ ወዴት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ይልማ በሱዳን አድርጎ ጀርመን ገባ።

እንደ ፈረንጆቹ 2007 ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሄክስት ፍሎማርክት፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያው ውስጥ ሲንከራተት በዛገ መዶሻና በወታደር ሳህን መካከል አንድ ካዝና አየ። ባዶ ካዝና ያኔ ፈቃድ የሚጠይቅበት የለም፤ ከመጥበሻ ጋር እኩል ተዘርግቶ ይሸጣል። እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ ሄደ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጀርባውን ዳበሰ፣ «ቻይና» አለ ለራሱ። ሲገልጥ ባለ ገበታው ሽማግሌ አፍጥጦ ያየዋል። ሄር ቤንደር ይባላል፣ አቶ ቤንደር እንደ ማለት ነው፤ ፊቱ ሁልጊዜ እንደተቋጠረ ነው። ከገበታው ሥር ሌላ ካዝና አወጣና «አውገን ትሱ!» አለው። ዓይንዎን ይጨፍኑ ማለቱ ነው። ይልማ ጨፈነ። ሽማግሌው ብረቱን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

እንግዲህ ጓደኝነት ከተባለ ይኸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይልማ ገበታው ፊት ይቆማል፣ ሽማግሌው «አውገን ትሱ» ይላል፣ ይልማ ይገምታል። ሲስት ሽማግሌው እንደ ሕፃን ይፈነድቃል። ስለ ቤት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ኑሮ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ይልማ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዳንድ እየገዛ ኩሽናው ውስጥ ያለውን ቁምሣጥን ሞላው፤ ዘይት ቀብቶ ጋዜጣ ላይ ደረደረው።

አንድ ብቻ ጎድሎታል። የራሺያ የመጀመሪያው ሥራ፣ ጎኑ ላይ ሸንተረር የሌለበት፣ ልሙጡ። ሄር ቤንደር ያችን በዳቦ ወረቀት ጠቅልሎ ከገበታው ሥር ያኖራታል፤ አንዴ አሳይቶት «ይሄ አይሸጥም» ብሎ መልሶ ጠቀለላት። ይልማም ደግሞ አልጠየቀም። ይልቅ አድራሻውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠው፤ «አንድ ቀን ብቅ ብለው ስብስቤን ይዩልኝ» አለው። «እናያለን» አለ ሽማግሌው። ጀርመን እናያለን ካለ ያው ቀረ ማለት ነው።

ደግሞ የረቡዕ ኅብረት አለ። የጸሎት ቤቱ ሰዎች በየሳምንቱ በየተራ ያንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ መሪያቸው አዳነች ናት። አዛውንት መጦሪያ የምትሠራ፣ አንጀቷ የማያስችል፣ አፏም የማያስችል ሴት። የይልማ ተራ ሲደርስ ሰውዬው ሌላ ሰው ይሆናል! ወንበር ከጎረቤት ይለምናል፣ ሳምቡሳ ይጠብሳል፣ ሻይ በቅመም ያፈላል። ከነሱ በቀር ያን ደረጃ ወጥቶ ቤቱ የሚገባ ሰው የለም፤ እነሱም ከቀሩ በሩ ለፖስተኛ ብቻ ሊቀር ነው። ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

አንድ ረቡዕ የአዳነች ባል ኢዩኤል ስኳር ፍለጋ ቁምሣጥኑን ከፈተ።

«በኢየሱስ ስም!» ብሎ ጮኸ፤ እንኳን ስኳር፣ ሰይጣን ራሱ ከነቀንዱ የተቀመጠ ነው የመሰለው። ሁሉም ግር ብሎ ተነሣ። አዳነች ገባች፣ አየች፣ ራሷን ያዘች።

«ጋሽ ይልማ፣ ቤትዎን ሰው የማይረግጠው ለምን ይመስልዎታል? ይሄ የሞት ዕቃ ነው። የደም ታሪክ አለበት።»

«ባዶ እኮ ነው፣ አዱ» አለ ይልማ። «ባዶ ካዝና ማንን ይገድላል?»

«ባዶውም መንፈስ አለው። ይጣሉት። እኛ ለርስዎ ብለን ነው፤ ከዚህ ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር አንጸልይም።»

ክፋት አይደለም፤ ከልቧ ነው። ስለ ዘገዬ፣ ስለ ዓይን ጨፍኖ መዳበስ ሊነግራት አሰበ፤ አሰበና አፈረ። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፣ ብረት አይደለም ብሎ ራሱን ሸነገለ። በማግሥቱ ሁሉንም በሻንጣ ከቶ፣ በአውቶቡስ ተሸክሞ፣ ዕቃ መጣያው ግቢ ወሰደና የብረት ኮንቴይነር ውስጥ አራገፈው። ድምፁ ለብዙ ጊዜ ከጆሮው አልወጣም።

የኅብረቱ ሰዎች ሲሰሙ አጨበጨቡ፣ አቀፉት፣ «ቤቱ ቀለለ!» አሉ። ቀለለ እንዴ! ተራው ደርሶ መጡ፣ ጸለዩ፣ በሉ፣ ሄዱ። በሁለቱ ረቡዖች መሀል ያለው ጊዜ ግን ድሮ በካዝናው ይሞላ ነበር፤ አሁን ምን ይሙላው? ወደ ፍሎማርክቱ መሄድም ተወ። ለሽማግሌው ጣልኩት ብሎ መንገር ሞት መስሎ ታየው።

በ2011 መኸር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ደወል ተደወለ። የጎረቤት ፖስታ ነው ብሎ ሲከፍት ሄር ቤንደር ደረጃው ራስ ላይ ቆሞ ያለከልካል። በእጁ ያችን ብጣሽ ወረቀት ይዟል።

«ሄር ይልማ፣ ጠፉ» አለ። «ታመው ይሆን ብዬ ነው።»

በዚህ አገር ታሞ ይሆን ብሎ የይልማን በር ያንኳኳ ሰው ይኼ የመጀመሪያው ነው።

«ነገ ጠዋት ኪል ከተማ ልሄድ ነው፣ ልጄ ዘንድ» አለ ሽማግሌው። «ጉልበቴ ብቻዬን መኖር እንቢ አለኝ። ከመሄዴ በፊት ስብስብዎን ልይ።»

ይልማ ቁምሣጥኑን ከፈተው። ባዶ ነው፤ ጋዜጣው ላይ ግን ዘይቱ የእያንዳንዱን ካዝና ቅርጽ ቆልመም አድርጎ አስቀርቶታል።

«የት ሄዱ?»

«ጣልኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሽማግሌው ለምን አላለም። ወንበር ስቦ ቁምሣጥኑ ፊት ተቀመጠ። «በሉ እንግዲህ፣ ያሳዩኝ» አለ።

ይልማ ጣቱን የዘይቱ እድፍ ላይ እያስቀመጠ ያሳየው ጀመር። እዚህ ቻይናው፣ እዚህ ፖላንዱ፣ እዚህ ራሺያው፣ ከጎኑ ዩጎዝላቪያው። ሽማግሌው እያንዳንዱን በጽሞና ያያል። «ራሺያንና ዩጎዝላቪያን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አልነበረብዎትም» አለ። «ተኳርፈው የኖሩ ናቸው።» ይልማ ሳቀ፤ በዚያ ቤት ውስጥ እንዲያ ስቆ አያውቅም።

ከዚያ ሽማግሌው «አውገን ትሱ» አለ።

እጁ ላይ ያረፈው ብረት ከበድ ይላል። አውራ ጣቱ ጎኑ ላይ ተንሸራተተች፤ የሚያግዳት ሸንተረር የለም። ገና ዓይኑን ሳይገልጥ እንባው ወረደ።

«አይሸጥም ብለው ነበር እኮ።»

«መች ሸጥኩት?» አለ ሄር ቤንደር። ሻዩን ጠጣ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ደረጃውን እየተደገፈ ወረደ።

ረቡዕ የይልማ ተራ ነበር። ጠዋት ካዝናውን ምድጃ ውስጥ ደበቀው። ሳምቡሳውን ሲጠብስ ልቡ እዚያው ነው። ቢያገኙት ተነሥተው ይወጣሉ፤ ሽማግሌውም ሄዷል፣ ከእንግዲህ ማን ይመጣል? እውነቱን ለመናገር፣ ፈራ። ያም ሆኖ አውጥቶ ጠረጴዛው መሀል፣ ሻይ ብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀመጠውና በሩን ከፈተላቸው።

አዳነች ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ አየችው። «ጋሽ ይልማ! ይኼ ነገር ተመልሶ መጣ?»

«የጓደኛዬ ነው» አለ ይልማ። «በእጁ አምጥቶ ሰጠኝ። ዛሬ ጠዋት ጥሎኝ ሄደ።»

የኅብረቱ ሰዎች ስለ መኖሪያ ወረቀቱ፣ ስለ ወገቡ ሕመም፣ ሚስት እንዲያገኝ ጸልየውለታል፤ ጓደኛ አለህ ወይ ያለው ግን አልነበረም። ኢዩኤል በሩን ተመለከተ። አዳነች የይልማን ፊት አየች፣ ያየችውን አይታ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ለመንገዱ እንጸልይለት» አለች። «ስሙ ማን ነው?»

«ሄር ቤንደር።»

«እሱ የቤተሰቡ ነው። የራሱስ?»

ሽማግሌው በየቅዳሜው ይልማን በገዛ ስሙ ሲጠራው፣ እሱ የሰውየውን አባት ስም ሲጠራ ነው የኖረው። አንድም ቀን አልጠየቀውም።

«አላውቀውም» አለ።

አዳነች እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። «ጌታ ያውቀዋል። ዓይናችንን እንጨፍን።»

ይልማ ጨፈነ። «ጌታ ሆይ፣ ያንን የቤንደርን ልጅ በሰላም አድርሰው» ስትል ሰማት። ሌሎቹ አሜን አሉ። እሱ አውራ ጣቱን ልሙጡ ብረት ላይ እንዳደረገ፣ ከሁሉም ዘግይቶ አሜን አለ።