ያልታጠበው እግር

አስተማሪ ነበርኩ። አራተኛ ክፍሎችን «ቤተሰብ ማለት አባት፣ እናትና ልጆች ናቸው» እያልኩ ዕድሜዬን ፈጀሁ። «አያቴስ? አጎቴስ?» ብሎ እጁን የሚያወጣ ግን አይጠፋም ነበር። «እነሱ ዘመድ ይባላሉ» እለዋለሁ፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይላላ!

የራሴ ኑሮ ግን መጽሐፉን አያውቀውም። ላሊበላ አቅራቢያ ብልባላ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ባሌ ሲሞት፣ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። እኔ ክፍል ስገባ አዝላት የምትውለው፣ አብልታ የምታስተኛት ጎረቤቴ ነበረች። ልጄ መጀመሪያ «እማ» ብላ የጠራችውም እሷን ነው። ያኔ በጣም ቀንቼ ነበር። ልጄ ነፍስ ሳታውቅ ወደ ኮን ከተማ ተዛወርን፤ ከጎረቤቴ ጋር ግን እስከ ዛሬ በስልክ እንጠያየቃለን።

ጡረታ ስወጣ ልጄ ላሊበላ ቤቷ ወሰደችኝ። እሷ፣ ባሏና ሁለት ልጆቻቸው የሚኖሩበት ንጹሕ ቤት ነው። እኔ ከልጆቹ ጋር እተኛለሁ። ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ግን ሻይ ለማፍላት እንኳ አስፈቅዳለሁ፤ ልብሴንም እስካሁን ከሻንጣ እያወጣሁ ነው የምለብሰው። ታዲያ ይሄ ለሰው ይነገራል? የብልባላዋ ጎረቤቴ ስትደውል «የልጄ ቤት ቤቴ ነው፤ ለገና ስትመጡ ሌላ ቦታ ብታርፉ እቀየማለሁ» አልኳት። ጉራ መሆኑን እያወቅሁ ነው።

ለገና ዋዜማ ከመንደሯ ሰዎች ጋር በእግሯ መጣች። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። እዚህ አገር ለገና የመጣን እንግዳ እግር ማጠብ ወግ ነው፤ ሰው መንገድ ላይ ሳይቀር የማያውቀውን ያጥባል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ውሃ አሙቄ፣ ሳፋውን ሳሎኑ መሃል አድርጌ ከጎረቤቴ ጀመርኩ። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል።

«ኧረ ተይ እታለም፣ አንቺም እኮ አርጅተሻል!» እያለች ታስቀኛለች።

ቀኝ እግሯን አጥቤ እንደጨረስኩ ልጄ ከሥራ ገባች። ሁሉንም በትሕትና ሰላም ብላ «እማዬ፣ አንዴ ነይማ» አለችኝ። ማድ ቤት ገባን። ማድ ቤቱ መዝጊያ የለውም።

«ሊያድሩ ነው እንዴ?»

«ታዲያ የት ይደሩ?»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የቤተሰብ ቤት ነው። ቀድመሽ ብታማክሪን ምን ነበረበት?»

እውነቷን ነው፤ ማማከር ነበረብኝ። ግን «የቤተሰብ ቤት» ስትል እኔም ሳሎን ከተቀመጡት ሰዎች ጋር የምቆጠር መሰለኝ። ምን ብዬ እከራከራታለሁ? ኮን ላይ ፊተኛው ወንበር ተቀምጣ የ«ቤተሰብ»ን ትርጉም የተማረችው ከእኔ ነው።

ስመለስ ጎረቤቴ እርጥብ እግሯን ፕላስቲክ ጫማዋ ውስጥ ከታዋለች። ግራ እግሯ ከነአቧራው ነው።

«ግራውንም ልጠብሽ እንጂ!»

«ይበቃል እታለም። እኛማ የምናድረው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ አንቺን አይተን እንለፍ ብለን ነው።»

ውሸቷን ነው። ያመጣችልኝን በሶ ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ ሰዎቿን አስነሥታ ወጣች። ነጠላዬን ይዤ እስከ አጥሩ በር ተከተልኳቸው። አብሬያቸው ላድር ቆርጬ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን «ነገ በምን ፊቴ እመለሳለሁ? ባልመለስስ የት እገባለሁ?» ብዬ ፈራሁ። እሷ አቧራ በለበሰ እግሯ አስፋልቱን ስትሻገር እኔ ቆሜ ቀረሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጄ ሳፋውን ልትደፋ ስታነሣ «ያቺ ፊት የተቀመጠችው ሴትዮ ግን ማን ናት? ገና ሰላም ሳልላት እንባዋ መጣ» አለችኝ።

«ጀርባዋ ላይ ነው ያደግሽው» ልላት አፌን ከፈትኩ። ብላት ሮጣ ትመልሳት ይሆናል። ወይ ደግሞ ወቀሳ ይመስላትና ቅር ትሰኝብኛለች።

«የአገር ሰው ናት» አልኳት።

ውሃውን ደፋችው።