ከአሮጌ ተራ የተመለሰው የስፌት መኪና

ነፍሷን ይማርና፣ አክስቴ አሮጌ ዕቃ ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ባለቤቱ ምን ቢያጋጥመው ነው የሸጠው?" ብላ ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ናዝሬት አሮጌ ተራ ይዛኝ ሄዳ ብረት ድስት ስትመርጥ፣ አንድ የስፌት መኪና አይታ ቀጥ አለች። ባሏ የታሰረባት የጎረቤታችን መኪና ነበር፤ ልጆቿን የምታሳድገው በእሱ ነው። አክስቴ ድስቱን ትታ መኪናውን ገዛች፤ በጋሪ ጭነን ወሰድንላት። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።

"እትዬ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት?"

"ዝም ብለሽ ስፊ፤ ልጆቹ ይደጉ" አለቻት።

ባሏ ሳይመለስ ቀረ፤ ልጆቹ ግን አደጉ። ባለፈው ሳምንት የአክስቴን አስከሬን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እንደ ልማዴ አሮጌ ተራ ልወስዳት ቤቷ ሄድኩ፤ በሯ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ሳይ ተመለስኩ።