የአማቴ መደርደሪያ እና የሰም ክር

አማቴ እማማ ዝላትካ በሩሴ ከተማ የስልክ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ገመድ ሲቀጥሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እኔ የኮምፒውተር ኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፤ እሳቸው ፊት ግን ይህን ማንሳት አልወድም።

ለቤታችን የኔትወርክ መሣሪያዎች የብረት መደርደሪያ ልገዛ ነው ስላቸው ሳቁብኝ። ምድር ቤት ወርደው፣ ለክረምት የሚያሽጉትን የበርበሬ ድልህ የሚደረድሩበትን ጣውላ ነቅለው አመጡ።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ዕቃውን አይችለውም" አልኳቸው።

"አርባ ጠርሙስ ድልህ የቻለ ጣውላ ያንተን ቆርቆሮ ያቅተዋል? ዞር በል!"

መደርደሪያውን በሁለት ቀን ሠርተው ጨረሱት። ሙቀት እንዲወጣ ጀርባውን ክፍት ተዉት፤ መሣሪያዎቹም ልክክ ብለው ገቡ። ገመዶቹን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም አድርጌ ላስር ስል እጄን ቸብ አደረጉኝ።

"አንቀህ ልትገድለው ነው እንዴ?"

ከመሳቢያቸው በሰም የታሸ ክር አወጡ። ገመዶቹን ጎን ለጎን አስተኝተው፣ በየሁለት ጣት ርቀት እየቋጠሩ አሰሯቸው። ሹሩባ ነው የሚመስለው። እንከን ልፈልግ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አጣሁ። ያናድዳል!

ሰኞ መሥሪያ ቤት ገብቼ የራሴን ዝርክርክ ገመድ ሳይ አፈርኩ። የፕላስቲክ ማሰሪያውን ሁሉ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩና ከእማማ የለመንኩትን ክር አወጣሁ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣

"ይሄን የትኛው ኮሌጅ ነው ያስተማረህ?" አለኝ።

"የዝላትካ አማች እኮ ነኝ!" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።