የሚያዣ ሸክላ

መርካቶ፣ ሸክላ ተራ ላደገ ሰው «ያዣል» ስድብ ነው። አንዲት ደንበኛ ገዝታ ያሟሸችውን ማሰሮ ይዛ ተመልሳ «እትዬ፣ ይኼ ነገር ያዣል» ካለቻት፣ እናቴ ያን ቀን እህል አፏ አይገባም። ማሰሮውን ትቀበልና ውኃ ሞልታ ታስቀምጠዋለች። ቆይታ ሆዱን ከውጭ በመዳፏ ትዳብሰዋለች፤ እርጥበት ካገኘች እዚያው ትሰብረዋለች። «ከእኔ እጅ የወጣ አያዣም!» ትላለች፣ ተራው ሁሉ እስኪሰማት። ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩ ለሚጠይቀኝ መልሱ ይኸው።

እንግዲህ ለዚህች ሴት ነው ሄጄ «የሚያዣ ሸክላ ሥሪልኝ» ያልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ሥራ ሳምቡሳና ድንች የተጠበሰበትን ዘይት ወደ ነዳጅ መቀየር ነበር። ዘይቱ ብቻውን አይቀየርም፤ ካታሊስት የሚባል ዱቄት ይጨመርበታል። ዱቄቱ ሥራውን ያፋጥናል እንጂ ራሱ አያልቅም፣ እንደገባ ይወጣል። ከዘይቱ ለይቶ ማውጣቱ ግን መከራ ነው። በጨርቅ ሲያጠሩት አብሮ ያልፋል፣ በወረቀት ሲያጠሩት ወረቀቱን ይደፍነዋል። መፍትሔው ከውጭ የመጣ አንድ የሴራሚክ ቱቦ ነበር፤ ገላው በሙሉ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሆነ፣ ዘይቱን አሳልፎ ዱቄቱን የሚያስቀር። ያንን አንድ ቱቦ እኔ፣ እጄ ይሰበርና፣ ሳጥበው ሲንክ ውስጥ ጣልኩት። ሦስት ቦታ ሆነ!

ዱቄቱም የቀረው አንድ ትንሽ ብልቃጥ ነው። መልሼ ካላወጣሁት በአንድ ሙከራ ያልቃል፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ዱቄቱ ደጋግሞ እንደሚሠራ ማሳየት ነው። አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁና «ርዕስ ብትቀይሪ ይሻላል» አሉኝ። የሁለት ዓመት ልፋቴን! አፌ ላይ የመጣውን ብናገረው ኖሮ የዚያኑ ዕለት እባረር ነበር። ዋጥ አድርጌው ወጣሁ።

አብነት ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ወደ እናቴ ስሄድ፣ ስብርባሪው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንዱን አውጥቼ አየሁት። ይህን የመሰለ ስብርባሪ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠርግ ነው የኖርኩት። ሸክላ ነው እኮ! ሁለት ዓመት ሙሉ «ሴራሚክ፣ ሴራሚክ» ስል የከረምኩት ሸክላ ነው።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ነጋዴ ናት፣ መርካቶ» ነበር የምለው። ውሸት አይደለም፣ ትሸጣለች። ግን የምትሸጠውን ራሷ በአክስቴ ጓሮ ጭቃ ረግጣ፣ ቅርጽ አውጥታ፣ ተኩሳ እንደምታመጣው ትንፍሽ አልልም። ልጅ ሆኜ «የሸክላ ሠሪ ልጅ» እየተባልኩ ስንቴ ተደባድቤያለሁ። «ነጋዴ» የሚለው ቃል ይቀለኝ ነበር።

እማዬ ጀበናዎቿን እየወለወለች አገኘኋት። የፈለግሁትን ስነግራት ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«ምን አልሽ?»

«የሚያዣ።»

«አንቺ ልጅ፣ ያ ትምህርት ናላሽን አዞረው እንዴ? ሰው ምን ይለኛል?»

ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፤ ዘይቱ ይለፍ፣ ዱቄቱ ይቅር። እስክጨርስ ሰማችኝና «ታዲያ ወንፊት ነው የምፈልገው አትይም?» አለች። ወዲያው ጣቶቿ ባዶ አየር ማቡካት ጀመሩ። «ጭድ ከጭቃው ጋር ይቦካል። እሳቱ ጭዱን ይበላዋል፣ የጭዱ ቦታ ባዶ ይቀራል። ግን ጭድ ሻካራ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋብሻል። የጤፍ ዱቄት በስስ ጨርቅ ነፍቼ ላድርግበት።»

እኔ ይህንኑ ከመጽሐፍ ለመረዳት አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል። እሷ ጀበና እየወለወለች ተናገረችው። ኩራቱም እፍረቱም እኩል መጣብኝ።

ጭቃውን በመጥረጊያ እንጨት ላይ እየጠቀለለች፣ አንዱን ጫፍ እየደፈነች፣ ስድስት ቱቦ ሠራችልኝ። ደርቀው ተተኩሰው ሲያልቁ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ፊቷ ያበራል። ቱቦዎቹም ያበራሉ። ማብራታቸው አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ ኬሚስት ነኝ ባይዋ ግን ልብ አላልኩም።

በማግስቱ አማካሪዬ ፊት ውኃ ሞላሁባቸው። ጠብታ የለም። በትንሿ ፓምፕ ገፋሁት። ወይ ፍንክች! ስድስቱም እንደዚያው። «ጥሩ ብርጭቆ ነው» አሉና ወጡ።

ቱቦዎቹን ይዤ እየነደድኩ ሸክላ ተራ ደረስኩ። «ምን አድርገሽ ነው ያበላሸሽብኝ?»

«ምን አበላሸሁ? አሟሸሁልሽ እንጂ!»

በተልባ አሽታ፣ እሳት ላይ ደጋግማ አሙቃ፣ አዲስ ሸክላ እንዳያዣ የሚደረገውን ሁሉ አድርጋለች። ያንን ሁሉ የለፋንበትን ቀዳዳ ጥርቅም! «ለገዢ ጥሬውን እሰጣለሁ፣ ቤቱ ወስዶ ያሟሽ» አለች ግራ ገብቷት። «ለልጄም ጥሬውን ልስጥ?»

«ከጭቃ በቀር ምን ታውቂያለሽ!» አልኳት።

ምነው አፌን በቆረጠው። ዕድሜዋን ሙሉ ከባዕድ የሰማችውን ነው ከእኔ የሰማችው። አጠገቧ ያሉት ሻጮች ፊታቸውን ወደ ዕቃቸው መለሱ። እማዬ አንዱን ቱቦ አነሳችና ቀጭ አድርጋ ሰበረችው፣ ስብራቱን በምላሷ ጫፍ ነካችው። ሸክላ ሠሪዎች እንደዚያ ነው የሚፈትኑት፤ ደረቅ ሸክላ ፈሳሽ የሚጠጣ ከሆነ ምላስ ይይዛል።

«አልያዘም» አለች ቀስ ብላ። «ጠግቧል። እኔው ነኝ ያጠገብኩት።»

እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ጉልበቷን ያዝኩ። አላፊ አግዳሚው እያየኝ አለቀስኩ። «ይቅር በይኝ፣ እማዬ።»

«ተነሺ፣ ልብስሽ ቆሸሸ» አለችኝ። አፍንጫዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝና፣ ምንም እንዳልተባለች ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰች። «የሟሸ ሸክላ እሳት መሃል ከተመለሰ የጠጣውን ቅባት ሁሉ ይተፋዋል። አምጪያቸው፣ መልሼ እተኩሳቸዋለሁ።» እውነቷን ነበር። ዛሬም ቱቦ ሲደፈንብኝ የማደርገው ይህንኑ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ቀን አብራኝ እንድትመጣ ለመንኳት። «እኔ እዚያ ምን ልሠራ?» ስትል ቆይታ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ላብራቶሪው በር ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል በስንት ልመና አስቆምኳት። ዱቄት የገባበትን ጥቁር ዘይት ለብ አድርጌ ቱቦው ውስጥ ሞላሁና ፓምፑን ያዝኩ። ተማሪዎች ከበውናል።

አማካሪዬ ገብተው ጎንበስ ብለው ሰላም አሏት። «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ? ቱቦዎቹን ያመጡልን እርስዎ ነዎት?»

እማዬ አንዴ ወደ እኔ አየች። «አዎ፣ ጌታዬ» አለች። «እኔ እንኳን ነጋዴ ነኝ፣ መርካቶ።»

ነጋዴ፣ መርካቶ። የእኔው ቃል፣ አንድም ሳይጎድል! ከማን እንደሰማችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት እያወቀች ዝም ብላኛለች፤ ይኸው አሁንም ላታሳፍረኝ የእኔን ውሸት ደገመችልኝ።

«ሸክላ ሠሪ ናት!» አልኩ። ድምፄ ከኮሪደሩ ማዶ ተሰማ። «አላመጣችውም፣ ሠራችው። ጭቃውንም ቀዳዳውንም በእጇ ነው የሠራችው። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። አማካሪዬ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። እሷ ግን እሳቸውንም እኔንም አላየችም፤ ዓይኗ ቱቦው ላይ ነበር። የቱቦው ገላ አልቦት፣ ጫፉ ላይ ጥርት ያለ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

«በይ ጩኸትሽን ተይ» አለችኝ፣ ክንዴን አጥብቃ ይዛ። «እዪው፣ ያዣል።»